ከተዝካሩ የሚጀምረው መጽሐፍ

የመጀመሪያው ሱቄ ሦስት ግድግዳ ብቻ ነበረው፤ አራተኛው መንገዱ ነው። መንገዱም በጀጎል ውስጥ ካሉት ጠባብ መንገዶች ሁሉ የባሰው በመሆኑ፣ እንጨት የጫነ አህያ ባለፈ ቁጥር ጎኑን በአቡጀዲዬ ጠርጎ ያልፋል። ጠዋት ነጭ ጨርቅ እሰቅላለሁ፣ ማታ አመድማ ጨርቅ አወርዳለሁ። ገዢ «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ቀለም ነው?» ሲለኝ «ከዓደን የመጣ አዲስ ዓይነት ነው» እያልኩ ጥቂት ጊዜ ሸጫለሁ። አህያው ሲያልፍ ቆሞ ያየ ሰው ግን አይገዛም።

ስለዚህ በሸዋ በር ያለውን የባላምባራስን ሱቅ ተከራዩ ለቀቀው ሲባል የሰማሁ ዕለት ምሳ አልበላሁም። ያ ሱቅ ፊቱ ሰፊ፣ በሩ ባለ ሁለት መዝጊያ፣ ጣሪያው ዝናብ የማያስገባ ነበር። ከድሬ ጠያራ ማሽላ ይዞ የሚገባው ገበሬ፣ ከጨርጨር ቡና ጭኖ የሚመጣው ነጋዴ፣ ውሃ ቀድታ የምትመለሰው ሴት፣ ሁሉም በፊቱ ያልፋል። እንዲህ ባለ ቦታ ድንጋይ ደርድረህ ብትቀመጥ እንኳ አንዱ መጥቶ «ይኼ ድንጋይ ስንት ነው?» ማለቱ አይቀርም።

ባለቤቱ ባላምባራስ በጉምሩክ የጸሐፊዎች አለቃ ሆነው የኖሩ፣ ከሥራ ከወጡ በኋላ በአቦከር በኩል ባለው ቤታቸው የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሄጄ እጅ ነሣሁና ሱቁን እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ስለ ጨዌም ስለ ጨርቄም አልጠየቁኝም።

«ምን ታነባለህ?» አሉኝ።

«ጆንያ ላይ የተጻፈውን ሁሉ አነባለሁ፣ ባላምባራስ።»

እውነቴን ነበር። ፊደል የተማርኩት ከቄስ ትምህርት ቤት አጥር ውጭ ቆሜ ነው፤ ከመስማት የሚከለክል አልነበረም። ጣቴን እያስቀደምኩ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ እንጂ አነባለሁ። ባላምባራስ ግን አልሣቁም።

«እኔ ፊደል ለማያከብር ሰው ሱቄን አልሰጥም። የንባብ ማኅበር አለን። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንሰበሰባለን። ግባና ሰው ሁን፤ ከዚያ ስለ ቁልፉ እንነጋገራለን።»

ማኅበሩ ማን ማን እንደሆነ ስጠይቅ ነገሩ ከበደኝ። አንደኛው መሪጌታ ናቸው፤ ድምፃቸው ጥሩ የሆነ፣ ሆዳቸውም ድምፃቸውን የሚያህል ሰው። ሁለተኛው የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ነው። ስልከኛ ስለሆነ የከተማው ወሬ ሁሉ በጆሮው ያልፋል፤ ስለዚህ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። ይህ ስልከኛ የባላምባራስን ሱቅ ለሚስቱ ወንድም ጠጅ ቤት ሊያደርገው ይፈልግ ነበር። እንግዲህ ማኅበሩ ውስጥ ስገባ ሱቁን የምሻማው ከፊቴ ከሚቀመጥ ሰው ጋር ነው ማለት ነው።

መጽሐፉ አንድ ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ በባቡር ድሬዳዋ መጥቶ ከዚያ በበቅሎ ወደ ሐረር ሲወጣ፣ በቅሎይቱ ሐሮማያ ስትደርስ ሙቀቱ ስላስመረራት ከነጭነቷ ሐይቁ ውስጥ ተኛች። መጽሐፉ ሲደርስ ሽፋኑ ሟሙቶ፣ ክሩ ተበጥሶ፣ እንደ ራሰ እንጀራ ተጣጥፎ ነበር አሉ። ባላምባራስ በአሽከር እጅ ወደ ጀጎል ሰደዱት፤ እዚያ ሼኹ ጠራዥ አሉ። ቁርአን በመጠረዝ የታወቁ ሰው ናቸው፤ እኔም የፍየል ቆዳ የምሸጥላቸው ደንበኛቸው ነኝ። ሼኹ ወረቀቱን በጣሪያቸው ላይ አድርቀው፣ ውሃ የበላውን ጠርዝ ቆርጠው፣ በቀይ ቆዳ ሰፍተው መለሱት። ሥራው ያምር ነበር። እንደ ኮሮጆ ምላስ የምትታጠፍ ቆዳ እንኳ አበጅተውለታል።

መጽሐፉን መጀመሪያ የያዙት ባላምባራስ ናቸው። ሲጨርሱ እንዳለቀሱ ለከተማው ሁሉ ተወራ። ከእሳቸው ወደ መሪጌታ፣ ከመሪጌታ ወደ ስልከኛው ሄደ። ማኅበር በገባሁ ጊዜ ተራው የኔ ሆነና ስልከኛው አምጥቶ እጄ ላይ ሲያኖረው እንዲህ አለኝ፦

«ይኼ እንደ ጆንያ አይደለም፣ ወንድሜ። ውስጡ ነገር አለበት።»

«ጆንያም ውስጡ ነገር አለበት» አልኩት።

ያን ዕለት ሱቄን ዘግቼ ክዳኑን ገለጥኩ። ገና ከመጀመሪያው መስመር አንድ ነገር ገረመኝ፤ ዐረፍተ ነገሩ ራስ የለውም። ከመካከሉ ነው የሚጀምር። የተማሩ ሰዎች እንዲህ ይጽፋሉ ማለት ነው ብዬ አለፍኩ። ጥቂት ስሄድ ካህናት በልተው ይነሣሉ፣ ድንኳን ይፈርሳል፣ ለካ የአንድ ሰው ተዝካር ነው። አንድ ገጽ እንደ ጨረስኩ ዘጋሁት። እኔ የማላውቀው ሰው ለቅሶ መቀመጥ አልወድም፤ ያውም በገዛ ቤቴ። የሟቹን ስም እንኳ በቅጡ ሳልሰማ ተዝካሩን ብላ ስባል ምግቡ አይወርድልኝም። በዚያ ላይ የቡና ወራት ነበር። ከጨርጨር ጭነቱ ይመጣል፣ ሚዛን ላይ ቆሜ እውላለሁ፣ ማታ ዓይኔ አይገለጥም። መጽሐፉን በአቡጀዲ ጠቅልዬ አህያ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

እሑድ ሲቀርብ ግን ሱቁ ትዝ አለኝና መሪጌታን መንገድ ላይ ያዝኩ።

«መሪጌታ፣ እንደው የመጽሐፉ ነገር ምን ይላል?»

«ጥልቅ ነው» አሉ።

«እሱስ ነው። ግን ምን ይላል?»

«የጠለቀን ነገር መንገድ ላይ ቆመው አያወሩትም» ብለው ሄዱ።

ስልከኛውን ስጠይቀው «ራስህ ብታነበው ነው የሚጥምህ» አለኝ። በንግድ ዓለም ጆንያውን ሳይፈታ ቡናውን የሚያመሰግን ሰው ሲገጥመኝ ወዲያው እነቃበት ነበር። መጽሐፍ ሲሆን ግን አልነቃሁም። የተማረ ሰው አይዋሽም የሚል እምነት ነበረኝ፤ ያኔ ብዙ የተማሩ ሰዎች አላውቅም ነበር።

እሑድ ደረሰ። መጽሐፉን ታቅፌ ባላምባራስ ቤት ገባሁ። ቆሎ ቀርቧል፣ ብርዝ ተቀድቷል፣ መሪጌታ ለሁለቱም ቅርብ የሆነውን ቦታ ይዘዋል። እኔ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ነገር ቢበላሽ መውጫው ቅርብ እንዲሆንልኝ።

የማኅበሩ ደንብ አዲስ የገባው መጀመሪያ ይናገራል የሚል ነበር። ይህን ደንብ እኔ ከመግባቴ በፊት የሰማ ሰው ስለመኖሩ እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ፤ ያነሣው ስልከኛው ነው።

«እስቲ ነጋዴው ይጀምር» አለ። «መጽሐፉን እንዴት አገኘኸው?»

«እጅግ ጠንካራ ነው» አልኩ። «ቆዳው ጥሩ የለፋ ነው። ስፌቱ ጥብቅ ነው። ለሽልማት ቢሰጡት የማያሳፍር ዕቃ ነው።»

«ስለ ቆዳው አይደለም የጠየቅሁህ።»

«ታሪኩም ጥልቅ ነው» አልኩ፣ መሪጌታን እያየሁ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ባላምባራስም «መልካም ብሏል» አሉ። ልተርፍ ነው ብዬ ብርዜን አነሣሁ። ስልከኛው ግን ገመዱን አልለቀቀም።

«ጥልቅስ ሐይቁም ጥልቅ ነው፣ በቅሎዋም ታውቀዋለች። እስቲ ንገረን፣ መጽሐፉ በምን ይጀምራል?»

የማውቀው አንድ ገጽ ነው፤ የጠየቀኝም ያንኑ አንድ ገጽ። እግዜር አለ አልኩ በልቤ።

«በተዝካር ይጀምራል» አልኩ።

ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። መሪጌታ ቆሎው ትን ብሏቸው ጀርባቸው ተመታላቸው። ስልከኛው ጭኑን እየጠፈጠፈ «በተዝካር! ሰው ሳይወለድ ተዝካሩን አበላው!» አለ። «ባላምባራስ፣ ይኼ ሰው መጽሐፉን በጀርባው ነው የከፈተው!»

«ታዲያ በምን ይጀምራል?» አልኩ፣ ጆሮዬ እየጋለ።

«በልደት ነዋ!» አለ ስልከኛው። «ሰውዬው ይወለዳል፣ ያድጋል፣ አገር ጥሎ ይሄዳል።»

«ያገባል» አሉ መሪጌታ ትንታውን ውጠው። «መከራ ያገኘዋል። በመጨረሻ ይሞታል። እኔ የዚያ ሞት ነገር ብዙ ቀን ከልቤ አልወጣም።»

«እኔ ያለቀስኩትም እዚያ ላይ ነው» አሉ ባላምባራስ። ድምፃቸው አዘነብኝ። «ልጄ፣ አላነበብኩም ብትለኝ ይሻል ነበር። አንድ ሱቅ ለማግኘት...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም፤ እኔ ግን ጨረስኩት። ስልከኛው ሱቁን በዓይኑ ጠጅ ቤት አድርጎ ደንበኛ ማስገባት ጀምሯል። እኔ ደግሞ የአህያው ጎን ታየኝ፤ እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ አቡጀዲዬን ሲጠርግ።

«ባላምባራስ» አልኩ፣ «ውሸታም ከምባል መጽሐፉ ይከፈትና ይታይ።»

«ይከፈት!» አለ ስልከኛው በደስታ።

መጽሐፉን ለባላምባራስ ሰጠኋቸው። ምላሱን ፈተው፣ ክዳኑን ገልጠው፣ ገጹን ጥቂት አዩና ወደ ጎን አሳለፉት። «መሪጌታ፣ ድምፅ ያለዎ እርስዎ ነዎ፤ ያንብቡት» አሉ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ለቅዳሴ እንደሚቆሙ ቀና ብለው ጀመሩ፦

«...ም ካህናቱ ተዝካሩን በልተው ሲነሡ፣ ድንኳኑም ሲፈርስ፣ በቅሎው ብቻ ጌታውን ፍለጋ ከበር ቆሞ ቀረ።»

ድምፃቸው በየቃሉ እየቀጠነ ሄዶ «ቀረ» ላይ ሲደርስ አልተሰማም። የብርዙ ዝንብ ብቻ ትሰማለች።

እኔ ያን ጊዜ ያችን የታጠፈች ቆዳ አየሁ። ስንት ጊዜ ሼኹ ሱቅ ተቀምጬ ሲሰፉ አይቻለሁ! የእሳቸው መጽሐፍ በቀኝ ይከፈታል፤ የመጀመሪያው ወረቀት በቀኝ፣ የመጨረሻው በግራ። ዕድሜ ልካቸውን እንዲያ ሲሰፉ የኖሩ ሰው፣ አማርኛውንም በለመዱት መንገድ ሰፍተውታል። እያንዳንዱ እጥፍ ወረቀት በውስጡ ደኅና ነው፤ ሰልፉ ግን ተገልብጦ የመጨረሻው እጥፍ ከፊት፣ የመጀመሪያው ከኋላ ሆኗል። የገጹ ቁጥርም ከተቆረጠው ጠርዝ ጋር ሄዷል።

ይህ ከገባኝ በኋላ የገባኝ ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ባላምባራስ መጽሐፉን ለንባብ የተረከቡት ከተጠረዘ በኋላ ነው። እንግዲህ ባላምባራስም፣ መሪጌታም፣ ስልከኛውም ክዳኑን ገልጠው ቢያዩት ኖሮ በመጀመሪያ የሚያገኙት ተዝካሩን ነው። አንዳቸውም አላገኙትም። በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ገጽ ያነበብኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ የማኅበሩ ታላቁ አንባቢ እኔ ነኝ!

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ይናገር ነበር። እኔ ግን ነጋዴ ነኝና ዝም ብዬ ሚዛኑን አየሁት። ባላምባራስን ባዋርዳቸው እውነቱ የኔ ይሆናል፤ ሱቁ ግን አይሆንም። የደበቀውን ነገር ላየበት ሰው ቤቱን የሚያከራይ የለም። ሽማግሌው መሬት መሬት ያያሉ። መሪጌታ ቆሎውን ከጉንጫቸው ወደ ጉንጫቸው ያዛውራሉ፤ አይውጡት፣ አይተፉት። ስልከኛው ስልክ እንደተቆረጠበት ሰው አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

«ባላምባራስ» አልኩ፣ «ይፍቀዱልኝና ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሁሉም ቀና አሉ።

«መጽሐፉን ሼኹ በእነሱ ልማድ ሰፍተውታል። ፊቱ ወደ ኋላ ሄዷል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ዕቃ እንደ ተጫነ ነው የማወርደው። ከላይ ያገኘሁት ተዝካር ስለሆነ በተዝካር ይጀምራል አልኳችሁ። እናንተ ግን የተማራችሁ ናችሁ። የተማረ ሰው መጽሐፍ ተገልብጦ ቢያገኘው በልቡ እያቃና ያነበዋል፤ መገልበጡንም ልብ አይለውም። መሪጌታ አንድ ደብተራ ዜማ ቢያጣምም በጆሯቸው እያቃኑ እንደሚሰሙት ማለት ነው።»

ቆሎው ተዋጠ።

«እውነት ነው!» አሉ መሪጌታ። «እኔም አንድ ቦታ ላይ ልቤ ሲያቃና ታውቆኝ ነበር። ምን ይሆን አልኩና አለፍኩት።»

ባላምባራስ ቀስ ብለው ራሳቸውን አነሡ። «በልቤ ነው ያቃናሁት» አሉ። ቃሉን ሲቀምሱት ጣማቸውና ደገሙት። «በልቤ ነው ያቃናሁት።»

ስልከኛው ግን ሱቁ ሲያመልጥ ታየው። «እንዴ! መጽሐፍ ደግሞ እንዴት ተብሎ ነው በልብ የሚቃናው?» አለ።

ባላምባራስ ዞር ብለው አዩት። «አንተ አላቃናኸውም?»

ስልከኛው እኔን አየ፣ መሪጌታን አየ፣ መጽሐፉን አየ።

«አ... አቃንቼዋለሁ» አለ።

«እንግዲያው ምን ትጠይቃለህ?»

«ይኼ ሰው ግን አላቃናም! እንዳልተማረ በገዛ አፉ መሰከረ!»

«እኔ የምሰጠው ሱቅ ነው» አሉ ባላምባራስ፣ «ሹመት አይደለም። ዕቃውን እንደ ተጫነ የሚያወርድ ሰው ለሱቅ ይበቃል።»

ቁልፉን የዚያኑ ዕለት ተቀበልኩ። መጽሐፉንም «ወስደህ አሳርመው» ብለው ሰጡኝ። በማግስቱ ሼኹ ዘንድ ይዤው ሄድኩ።

«ሼኽ፣ የዚህ መጽሐፍ መጀመሪያው የት ነው?»

የቀኙን ክዳን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «ይኸው! ቢስሚላህ የሚባለው ሌላ የት ሊሆን ነው?»

«የእኛ በግራ በኩል ነው።»

ብዙ አዩኝ። «በግራ ነው የምትጀምሩት?» አሉ፣ እንዳዘነ ሰው። «ወላሂ የነገረኝ የለም። ይኸው ስንት ወር በሰው እጅ ቆየ፣ ማንም መጥቶ አልወቀሰኝም።»

«ያነበቡት ሰዎች በልባቸው አቃኑት።»

«ማሻአላህ!» አሉ ሼኹ። «ትልልቅ ሰዎች ናቸው።»

ሊያርሙት ተስማሙ፤ ግን ረመዳን ሊገባ ነው፣ የሚጠረዘው ቁርአን እስከ ጣሪያ ተከምሯል። «ከዒድ በኋላ አምጣው» አሉኝ። መጽሐፉ እንደ ተገለበጠ ከኔ ጋር ወደ አዲሱ ሱቅ ገባ።

ረመዳን ደግሞ ቀን ቀን ገበያ የለም። ሰው የሚነቃው ከማግሪብ ሶላት በኋላ ነው። እኔም በሰፊው በሬ ላይ ተቀምጬ የማየው አህያ እንኳ ሳጣ መጽሐፉን ገለጥኩ። ከተዝካሩ ጀመርኩ። ከተዝካሩ ቀጥሎ ሰውዬው ታመመ፣ ከዚያ ሸመገለ፣ ከዚያ ከሚስቱ ጋር ተጣላ፣ ከዚያ አገባት፣ ከዚያ ገና ያላያት ጎረምሳ ሆነ። ነገሩ ለቅሶ ቤት እንደ መቀመጥ ነው ለካ። መጀመሪያ መሞቱን ብቻ ታውቃለህ፤ እየተቀመጥክ ስትሄድ አንዱ ስለ ጎልማሳነቱ ያወራል፣ ሌላው ስለ ትዳሩ፤ በመጨረሻ አንዲት አሮጊት በልጅነቱ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበረ ትነግርሃለች፤ ያን ጊዜ ነው ማን እንደ ሞተ የሚገባህ።

ይህን ሳነብ ደንበኞች መጡ። በመጀመሪያ የመጡት መሪጌታ ናቸው። ጨው አስለክተው ከጨረሱ በኋላ ግራ ቀኝ አይተው «እንደው ያ ሰው ሚስቱን ያገኛት የት ነበር? ልቤ ሲያቃናው ይህችን ዘለላት» አሉኝ። ነገርኳቸው። በሳምንቱ ስልከኛው መጣ። ምንም ሳይገዛ ቆሞ፣ ቆሞ፣ «ተመልሶ ወደ አገሩ ይገባል ወይስ አይገባም?» አለኝ። «ሁለት ክንድ አቡጀዲ ግዛና እነግርሃለሁ» አልኩት። ገዛ።

ዒድ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንድ ቀትር ላይ ባላምባራስ ዱላቸውን እያስቀደሙ ገቡ። ተነሥቼ ወንበር ሳመጣ ትተውት አለፉና የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ወንበሩን እንዳላዩት ያወቅሁት ኋላ ነው።

«ሱቁ እንዴት ነው?»

«ተመስገን ነው፣ ባላምባራስ።»

ዱላቸውን አዞሩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ሰው ቢጠይቀኝ ብዬ ነው... እኔ ያለቀስኩት የቱ ጋ ነበር?»

ልሥቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ሣቄ ተመለሰ።

«ሲወለድ ነው ያለቀሱት» አልኩ።

«ሲወለድ? ሰው ሲወለድ ይለቀሳል እንዴ?»

«እንዴት እንደሚሞት አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ያስለቅሳል፣ ባላምባራስ። እኔም ትናንት እዚያ ስደርስ ደንበኛ ገብቶ ነው ያተረፈኝ።»

«ዓይኔ ከከዳኝ ሰንብቷል» አሉ በመጨረሻ። «መነጽሩን አድርጌ ፊደሉን ስፈልግ የማየው ጉንዳን ሲርመሰመስ ነው። በጉምሩክ ቤት ስንት ዘመን ስጽፍ ኖሬ፣ አላይም ልበል? ማኅበሩን ለምን ያቋቋምኩት ይመስልሃል? እናንተ አንብባችሁ ስትከራከሩ ልሰማ ነው። በየእሑዱ ቆሎ አቀረብኩ፣ ብርዝ አስቀዳሁ፤ እስከ ዛሬ ከመጽሐፉ የሰማሁት "ጥልቅ ነው" የሚል ነው።»

«ጥልቅ ነው» ካሉት አንዱ እኔው ነበርኩ።

መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ምላሱን ስፈታ ድምፁን ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ፤ ጆንያው ላይም ተስተካክለው ተቀመጡ።

«ከየት ልጀምርልዎ? ከልደቱ ወይስ ከተዝካሩ?»

«እንደ ተጫነ አውርደው» አሉ። «ቀስ ብለህ አንብብ። ሰው ከገባ ግን ጨው እየገዛሁ ነው።»